የኖርስ አማልክት በሄቪ ሜታል፦ ከየትኛው ባንድ ልጀምር?

የአክስቴ ልጅ ስለ ቫይኪንጎች የሚተርክ ተከታታይ ፊልም አይቶ እንደጨረሰ ደወለልኝ። «ስለነዚህ ሰዎች የሚዘፍኑ የሜታል ባንዶች አሉ አሉ። የቱን ልስማ?» አለኝ። አንዱን ስጠራለት ሌላው ትዝ ይለኛል። ሌላውን ስጠራለት «ቆይ፣ መጀመሪያ ግን ይሄን» እላለሁ። ግማሽ ሰዓት አውርተን ምንም ሳንወስን ስልኩን ዘጋነው። ይህን የጻፍኩት ለእሱ ነው። እንደሱ ግራ የገባው ሌላ ሰው እንደማይጠፋም እገምታለሁ።

ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። ዩቲዩብ ላይ «ቫይኪንግ ሜታል» ብላችሁ ብትፈልጉ ማለቂያ የሌለው ዝርዝር ይመጣል። ሁሉም ላይ ጺም አለ። ሁሉም ላይ መጥረቢያ፣ መርከብና መብረቅ አለ። በሽፋን ሥዕል ለመምረጥ ከሞከራችሁ ሁሉም አንድ ነው። ሲከፈት ግን በጣም ይለያያል። አንዱ ያስጨፍራል፣ አንዱ ሆድ ያባባል፣ አንዱ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ እንድታስቡ ያደርጋል።

እኔ ሦስት ነገር አያለሁ። መጀመሪያ ድምፁን። ድምፃዊው ይዘፍናል ወይስ ያጓራል? ለሜታል አዲስ የሆነ ጆሮ ማጓራቱን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል። ቀጥሎ ቋንቋውን። በእንግሊዝኛ ከሆነ ታሪኩን እየሰማችሁ ትከተላላችሁ፤ በአይስላንድኛ ከሆነ ትርጉሙን ፈልጋችሁ ማንበብ አለባችሁ። ሦስተኛው ለኔ ትልቁ ነው፦ ባንዱ ከድሮው ጽሑፍ ምን ወሰደ? የኖርሶችን፣ ማለትም የጥንት ስካንዲኔቪያውያንን፣ አማልክት የኦዲንንና የቶርን ስም ብቻ ተውሶ የሚጮህ አለ። ታሪኩን ከነግጥሙ አሠራር፣ ከነዜማው ያመጣም አለ። ይሄኛው ሁሌም ይበልጥብኛል።

ለቸኮለ ሰው መልሱን ላስቀድም። ሜታል ሰምታችሁ የማታውቁ ከሆነ ከፋሮ ደሴቶቹ ቲር ጀምሩ። ጉልበትና ጭፈራ ከፈለጋችሁ አሞን አማርት። ግጥም የምትወዱ ከሆነ ስካልሞልድ። ረጅምና ውስብስብ ሙዚቃ የማይሰለቻችሁ ከሆነ ኤንስሌቭድ። ጩኸት ጨርሶ የማትወዱ ከሆነ ዋርድሩና። አንድ አልበም ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ደግሞ የባቶሪን «ሃመርሃርት» እሰጣችኋለሁ። ምክንያቱን ከዚህ በታች አንብቡ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ ከየት መጣ

ባንዶቹን ለማወዳደር ምንጩን ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል። የቫይኪንግ ዘመን የሚባለው ብዙ ጊዜ ከ793 ይቆጠራል። በዚያ ዓመት ከሰሜን በመርከብ የመጡ ሰዎች እንግሊዝ ውስጥ የሊንድስፋርንን ገዳም ወረሩ፤ መነኮሳቱን ገደሉ፣ ንዋየ ቅድሳቱን ዘረፉ። መዝጊያው 1066 ነው። የኖርዌዩ ንጉሥ ሃራልድ ሃርድራዳ ስታምፎርድ ብሪጅ በተባለ ቦታ ተሸንፎ የሞተው ያኔ ነው።

ስለ አማልክቱ የምናውቀው ግን በአብዛኛው ከዚያ በኋላ አይስላንድ ውስጥ ከተጻፈው ነው። አይስላንድ በ1000 ገደማ ክርስትናን ተቀበለች። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በ1220 አካባቢ፣ ስኖሪ ስቱርሉሶን የሚባል መኳንንትና ገጣሚ «ኤዳ» የተባለውን መጽሐፍ አዘጋጀ። ስኖሪ ራሱ ክርስቲያን ነው። የአማልክቱን ታሪክ የጻፈው ሊያመልካቸው አይደለም። ወጣት ገጣሚዎች የድሮውን ግጥም መፍታት እያቃታቸው ስለነበር ነው።

ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ቀላል ነው፤ ነገሩ ከኛ ቅኔ ጋር ይቀራረባል። የኖርስ ገጣሚ ደም ማለት ሲፈልግ «የጦርነት ጤዛ» ይላል። መርከብን «የባሕር ፈረስ» ይለዋል። «የሲፍ ጸጉር» ካለ ደግሞ ወርቅ ማለቱ ነው። ሲፍ የቶር ሚስት ናት። ሎኪ የሚባለው አምላክ በተንኮል ጸጉሯን ላጫት፤ ከዚያ ድንኮች በምትኩ ከወርቅ ሠሩላት። ታሪኩን ያላወቀ ሰው ሰሙን ይሰማል እንጂ ወርቁ ጋ አይደርስም። የስኖሪ መጽሐፍ ወርቁን የሚፈታ መጽሐፍ ነው።

ሌላው ትልቅ ምንጭ በ1270 አካባቢ የተጻፈ፣ የድሮዎቹን ግጥሞች የያዘ «ኮዴክስ ሬጊየስ» የሚባል ብራና ነው። 45 ቅጠል ብቻ ነው የቀረው። ለሦስት መቶ ዓመት ያህል ዴንማርክ ተቀምጦ ቆየ። በ1971 በመርከብ ወደ ሬይክያቪክ ሲመለስ ሕዝቡ ወደብ ድረስ ወጥቶ ተቀበለው። መቅደላን የሚያስብ ሰው የዚያን ቀን ስሜት ለመረዳት አይቸገርም።

ወደ ሮክ የገባው ቀስ እያለ ነው። ሌድ ዜፕሊን በ1970 አይስላንድ ሄደው ሲመለሱ ስለ ሰሜን ሰዎች ዘፈኑ። አሜሪካኖቹ ማኖዋር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቫልሃላን፣ በጦርነት የሞቱ ጀግኖች የሚገቡበትን የኦዲንን አዳራሽ፣ አነሱ። አይረን ሜይደንም በ1982 ስለ ወራሪዎቹ አንድ ዘፈን ሠሩ። እነዚህ ጎብኚዎች ናቸው፤ ነክተው አለፉ። አገሬው ራሱ ታሪኩን ይዞ የመጣው ከ1988 ወዲህ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልናገርና ልለፍ። ቀንድ ያለው የራስ ቁር ቫይኪንጎች አላደረጉም። ምስሉን ያስለመደው በ1876 ለጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ለዋግነር ኦፔራ ልብስ የነደፈው ካርል ኤሚል ዶፕለር ነው። ሽፋኑ ላይ ቀንድ ያለው ቁር የደፋ ባንድ ካያችሁ፣ ምን ያህል እንዳነበበ ከወዲሁ ትገምታላችሁ።

አሞን አማርት

ስዊድናውያን ናቸው። ከስቶክሆልም ደቡብ ምዕራብ ካለችው ከቱምባ በ1992 ተነሱ። ድምፃዊው ዮሃን ሄግ ጺሙ ደረቱ ላይ ይወርዳል። ወገቡ ላይ የቀንድ ዋንጫ ያንጠለጥላል፤ እኛ ጋ ድሮ ጠጅ ይጠጣበት የነበረውን ዓይነት። ነገሩ ሩቅ አይደለም። በቫልሃላ ለጀግኖች የሚቀዳውም የማር ጠጅ ነው።

ያጓራል። ግን ሲያጓራ ቃላቱ ይሰማሉ፤ ይህ ዴዝ ሜታል በሚባለው፣ ማጓራት በበዛበት የሜታል ዓይነት ብዙ አይገኝም። ጊታሮቹ ደግሞ ዜማ አላቸው፤ ከሰማችሁት በኋላ ስታፏጩት ትገኛላችሁ። ግጥሙ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ በሩ ሰፊ ነው።

ለመጀመሪያ የ2008ቱን «ትዋይላይት ኦቭ ዘ ተንደር ጎድ» ስሙ። አልበሙን የሚከፍተው ዘፈን ቶር ከዓለሙ እባብ ጋር ስለሚያደርገው የመጨረሻ ፍልሚያ ነው። እባቡ ዮርሙንጋንድር ይባላል። ምድርን ዞሮ የራሱን ጅራት ነክሷል። በራግናሮክ፣ ዓለም በምትጠፋበት ቀን፣ ቶር ይገድለዋል። ከዚያ ስኖሪ እንደጻፈው ዘጠኝ እርምጃ ይራመዳል። በዘጠነኛው በመርዙ ይወድቃል። ይህን ይዛችሁ ዘፈኑን ስትሰሙት የድል ዘፈን አይመስላችሁም።

ከታሪክ በኩል ደግሞ በ2019 አልበማቸው ውስጥ ያለው ስለ ስታምፎርድ ብሪጅ የሚተርከው ዘፈን አለ። ድልድዩ ላይ አንድ ኖርዌያዊ ብቻውን ቆሞ የእንግሊዝን ጦር አላሳልፍ አለ ይባላል። በቀስትም አልወድቅ አለ። በመጨረሻ አንድ ሰው ከድልድዩ ሥር ገብቶ ከታች ወጋው። ነገሩ በድሮው የእንግሊዝ ዜና መዋዕል ላይ ተጨምሮ የተጻፈ ነው። ባንዱ የሰውየውን ስም አልፈጠረም፤ ስሙን የመዘገበ የለምና። ይህን ጥንቃቄያቸውን እወድላቸዋለሁ።

ጉድለታቸው ምንድን ነው? ሦስት አልበም በተከታታይ ከሰማችሁ አንዱ ከአንዱ ይምታታል። ሁሌ ውጊያ ነው፣ ሁሌ ክብር ነው። በ2016 «ጆምስቫይኪንግ» ላይ የሚወዳት ልጅ ለሌላ የተዳረችበትን ሰው ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለተረኩ እሱ ከሌሎቹ ይለያል። መድረክ ላይ ግን ወደር የላቸውም። ታዳሚው መሬት ላይ በረድፍ ተቀምጦ እንደ መርከበኛ አብሮ ይቀዝፋል። አውሮፓ ወይም አሜሪካ ያላችሁ ዕድሉ ከገጠማችሁ እንዳያመልጣችሁ።

ቲር

ባንዱ የተሰየመው በአምላኩ በቲር ነው። ስለ እሱ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ከኖርስ ታሪኮች ሁሉ እኔ የምወደው ነው።

አማልክቱ ፌንሪር የሚባል ተኩላ እያሳደጉ ነው። ተኩላው ያድጋል፣ ያድጋል፣ ያስፈራቸዋል። በሰንሰለት ያስሩታል፤ ይበጥሰዋል። ከዚያ ድንኮቹን ማሰሪያ ሥሩልን ይሏቸዋል። ድንኮቹ ከስድስት ነገር ይሠሩታል፦ ከድመት ኮቴ ድምፅ፣ ከሴት ጺም፣ ከተራራ ሥር፣ ከድብ ጅማት፣ ከዓሣ ትንፋሽ፣ ከወፍ ምራቅ። ማሰሪያው እንደ ሐር ጥብጣብ ቀጭንና ለስላሳ ሆኖ ወጣ። ተኩላው ጠረጠረ። «ከእናንተ አንዱ እጁን አፌ ውስጥ ያስገባ፤ ያኔ እታሰራለሁ» አለ። ሁሉም ዝም አሉ። ቲር ቀኝ እጁን አስገባ። ተኩላው ታሰረ፤ መፍታት ሲያቅተው እጁን ቆረጠው። ቲር እጁ እንደሚሄድ እያወቀ ነው ያስገባው። እንግሊዞች ማክሰኞን የሚጠሩት በዚህ አምላክ ስም ነው።

ባንዱ የመጣው ከፋሮ ደሴቶች ነው። 18 ደሴት ናቸው፤ ነዋሪው ከ50 ሺህ ብዙም አይበልጥም። እዚያ እስከ ዛሬ በቁሙ ያለ ጭፈራ አለ። ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ክብ ይሠራል። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ። ከበሮ የለም፣ ጊታር የለም። አንዱ ግጥሙን ያወጣል፣ ሌላው በአዝማች ይቀበላል። ምቱን የሚመታው የእንጨቱ ወለል ላይ የሚያርፈው እግር ነው። አንድ ግጥም ሰማንያና ዘጠና አንጓ ሊሆን ይችላል።

ቲር ይህን ዜማ ወስደው ጊታር አለበሱት። በ2002 የሠሩት «ኦርሙሪን ላንጊ» ስለ ንጉሥ ኦላፍ ትሪግቫሶን ረጅም መርከብ ነው። ግጥሙ በ1830 አካባቢ የተደረሰ፣ 86 አንጓ ያለው የፋሮዎች ግጥም ነው። ስትሰሙት የጊታሩ ምት የእግር ምት እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል። ድምፃዊው ሄሪ ዮንሰን ይዘፍናል እንጂ አያጓራም፤ ሌሎቹም በኅብረት ይቀበሉታል። ለጀማሪ የምመርጣቸው ለዚህ ነው። «ኤሪክ ዘ ሬድ» የተባለው የ2003 አልበም ጥሩ መግቢያ ነው፤ ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ግማሹ በራሳቸው ቋንቋ ስለሆነ ሁለቱንም ትቀምሳላችሁ። ከአሞን አማርት ጋር ሲወዳደሩ ጉልበታቸው ያንሳል። ዜማቸው ግን ከማንም የተኮረጀ አይደለም።

ስካልሞልድ

የአይስላንድ ልጆች ናቸው። በ2009 ሬይክያቪክ ውስጥ ስድስት ሆነው ጀመሩ። ስማቸው «የሰይፍ ዘመን» እንደማለት ነው። ሁሉም ነገር በአይስላንድኛ ነው። «ታዲያ ምን ሊገባኝ?» ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲያ ብዬ ነበር ለሁለት ዓመት ያህል ያልነካኋቸው። አሁን ይቆጨኛል።

የኛ ግጥም ቤት የሚመታው በስንኙ መጨረሻ ነው። የነሱ የጥንት ግጥም ግን የሚመታው በቃል መጀመሪያ ነው። በአንደኛው ስንኝ ሁለት ቃላት በአንድ ዓይነት ድምፅ ይጀምራሉ፤ ቀጣዩ ስንኝ በዚያው ድምፅ ይከፈታል። ሕጉ ጥብቅ ነው። አይስላንዶች እስከ ዛሬ ይጠብቁታል። የስካልሞልድ ባስ ጊታር ተጫዋች ስናይብዮርን ራግናርሰን ግጥሞቹን የሚጽፈው በዚህ ሕግ ነው። ቋንቋውን ባታውቁም ጆሯችሁ ይይዘዋል። ድምፁ ይመታል፣ ይመታል፣ ከዚያ በሌላኛው ስንኝ መግቢያ ላይ ያርፋል። ከከበሮው ጋር ሲገጥም ግጥሙ ራሱ ከበሮ ይሆናል።

የ2010ሩ «ባልዱር» ቤተሰቡን በአንድ ሌሊት ስላጣ ሰው ይተርካል። ስሙ የአንድ የኖርስ አምላክ ስም ነው፤ ሰውየው ግን ተራ ሰው ነው። መኖሪያው ይቃጠላል፣ ይቀብራል፣ ሊበቀል ይነሳል። የ2016ቱ አልበማቸው ደግሞ በኖርስ ተረት ያሉትን ዘጠኙን ዓለማት በየተራ ይዞራል፤ ለእያንዳንዱ ዓለም አንድ ዘፈን። ትርጉሙን ኢንተርኔት ላይ ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ግን ሳታነቡ አንዴ ስሙት።

ከዚህ ሁሉ የምመክራችሁ በ2013 ሃርፓ አዳራሽ ከአይስላንድ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር የሠሩትን ነው። ቪዲዮው አለ። የሚያጓሩ ወንዶች፣ ሦስት ጊታር፣ ከኋላቸው ቫዮሊንና የመዘምራን ቡድን። መድረኩ ላይ ያለው ሰው ብዛት ያስደንቃል። ሕዝቡ ቃል በቃል አብሮ ይዘፍናል። ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረ የግጥም ሕግ በአፋቸው ላይ ነው። በቅኔ ያደገ ሰው ይህን አይቶ ዝም ማለት ይከብደዋል።

ኤንስሌቭድ፣ እና አንድ ማስጠንቀቂያ

ወደ ኖርዌይ ስንሄድ ሳልናገር የማላልፈው ጉዳይ አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብላክ ሜታል ከሚባለው ጨለም ያለ የሜታል ዓይነት አካባቢ ኖርዌይ ውስጥ የተነሱ ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናትን አቃጥለዋል። በ1992 በርገን ያለው የፋንቶፍት ቤተ ክርስቲያን ነደደ። በርካታ መቶ ዓመታትን ያስቆጠረ፣ ሙሉ በሙሉ በእንጨት የተሠራ ነበር። «ቡርዙም» በሚል ስም ብቻውን ይቀዳ የነበረ ሰው በ1994 በነፍስ ግድያና አብያተ ክርስቲያናትን በማቃጠል ተፈርዶበት 21 ዓመት ተወሰነበት። የኋላ ኋላም ዘረኛ አመለካከቱን በይፋ ሲሰብክ ኖሯል። ሙዚቃው በየዝርዝሩ ይመጣባችኋል። እኔ አልሰማውም፤ አልመክርምም።

ከዚሁ ጋር የሚነሳ ሌላ ነገር አለ። ናዚዎች የድሮውን የሩን ፊደልና የሰሜኑን ተረት ለራሳቸው ዓላማ ተጠቅመውበታል። ዛሬም የሚጠቀሙ አሉ። ስለዚህ የማታውቁት ባንድ ሲያጋጥማችሁ ማን እንደሆነ አጣሩ። ከላይ የጠቀስኳቸው ቲር በ2011 አልበማቸው ውስጥ ለዚህ ጥርጣሬ በአንድ ዘፈን ፊት ለፊት መልስ ሰጥተዋል።

ኤንስሌቭድ ከዚያው ዘመን፣ ከዚያው አገር ወጡ። መንገዳቸው ግን ሌላ ሆነ። በ1991 ሲመሠረቱ ጊታሪስቱ ኢቫር ቢዮርንሶን ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበር። የመጀመሪያ አልበማቸውን ግጥም በአብዛኛው በአይስላንድኛ ጻፉት፤ ለድሮው ኖርስ የሚቀርበው ቋንቋ እሱ ስለሆነ። የ1997ቱ «ኤልድ» የሚከፈተው ስለ ሊንድስፋርን በሚተርክ 16 ደቂቃ በሚፈጅ ዘፈን ነው። ስሙ በቁጥር ይጀምራል፦ 793። ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ጊታሩ እስኪመጣ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ከ2004 ወዲህ ያለው ሥራቸው ይበልጥ ሰፊ ነው። ማጓራቱ አለ፤ ጥርት ያለ ዘፈንም አለ። አንዱ ለሌላው ቦታ ይለቃል። ተረቱን እንደ ታሪክ መተረክ ትተው እንደ ሐሳብ ያዙት፦ ኦዲን ለምን አንድ ዓይኑን ለእውቀት ሰጠ? ግዙፎቹ የሚኖሩበት ኡትጋርድ በሰው ውስጥ የት ነው ያለው? የኖርዌይን ትልቁን የሙዚቃ ሽልማት ደጋግመው ወስደዋል። ይገባቸዋል። ግን ለጀማሪ አልሰጥም። ሌሎቹን ከለመዳችሁ በኋላ ኑባቸው።

ዋርድሩና

ይህ ሜታል አይደለም። ሆኖም ከሜታል የወጣ ነው። መሥራቹ አይናር ሴልቪክ ጎርጎሮት በተባለ የብላክ ሜታል ባንድ ከበሮ ይመታ ነበር። በኋላ ጊታሩንም ጩኸቱንም ትቶ ወደ ጥንቱ መሣሪያ ሄደ። የአክስቴ ልጅ ያየው ፊልም ውስጥ የሰማው ድምፅ አንዱ የእሱ ነው።

መሣሪያዎቹን ስታዩ ትደነግጣላችሁ። «ታግልሃርፓ» የሚባለው ክሩ የፈረስ ጭራ ነው፤ የሚገዘገዘው በደጋን ነው። እንደ ማሲንቋችን ማለት ነው፤ ክሩ ብቻ ይበዛል። «ክራቪክ ሊር» የሚባለው ደግሞ ቅርጹ የክራር ዘመድ ነው፤ ሁለት ክንድ፣ ከላይ አግዳሚ፣ የሚመታ ክር። የታግልሃርፓ ሻካራ ድምፅ ሲጀምር ማሲንቆ ቤት ያደገ ጆሮ እንግድነት አይሰማውም።

ሦስት አልበም በ24ቱ የጥንት ሩኖች ዙሪያ ሠርቷል፤ በ2009፣ በ2013 እና በ2016፣ ስምንት ስምንት ሩን እያደረገ። ሩኖቹን ያገኘው ኦዲን ነው ይላል ጥንታዊው ግጥም። ዘጠኝ ሌሊት በዛፍ ላይ ተሰቀለ። በጦር ተወግቶ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ። ቁልቁል አየ፣ ጮኸ፣ ሩኖቹን አነሳቸው።

ከሁሉም «ሄልቬገን» የተባለውን ስሙ። የሟች መንገድ ማለት ነው። ስሞት ማን ይዘፍንልኛል፣ ማን ይሸኘኛል ብሎ የሚጠይቅ ዘፈን ነው። በውስጡ ከድሮው ግጥም የመጣ አንጓ አለ፦ ከብት ይሞታል፣ ዘመድ ይሞታል፣ አንተም ትሞታለህ፤ የማይሞተው መልካም ስም ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እያልን ያደግን ሰዎች ይህን ስንሰማ ትርጉም አያስፈልገንም። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ይህን ዘፈን ከዚህ በፊት ልኬ አውቃለሁ። አንድ ቃል ሳይገባው እንዳለቀሰ ነግሮኛል።

ባቶሪ፣ የኔ ምርጫ

ሁሉም ከዚህ ነው የወጡት። ባቶሪ ማለት ኩዎርቶን ማለት ነው፤ በ1983 ስቶክሆልም ውስጥ ባንዱን የጀመረው ልጅ። መጀመሪያ ስለ ሰይጣን ነበር የሚጮኸው። ቀስ በቀስ ግን «ይህ እኮ የኔ አይደለም» አለ፤ ወደ አያቶቹ ታሪክ ዞረ። በ1988 «ብለድ ፋየር ዴዝ» ላይ ለውጡ ይጀምራል። በ1990 «ሃመርሃርት» ሲወጣ ቫይኪንግ ሜታል የሚባለው ነገር ተወለደ። ሽፋኑ በ1893 ፍራንክ ዲክሲ የሳለው የቫይኪንግ ቀብር ነው፤ ባሕር ዳር ሰዎች የሚነድ መርከብ ወደ ውኃው ይገፋሉ።

ቅጂው ጥራት አለው አልላችሁም። ከበሮው ሩቅ ነው። ኩዎርቶን ዘፋኝ አይደለም፤ ከፍ ሲል ድምፁ ይሰበራል፣ ከዜማው ይወጣል። ከአሞን አማርት የጠራ ቅጂ መጥታችሁ ስትሰሙት «ምን ነካው?» ልትሉ ትችላላችሁ። እኔን ግን የሚይዘኝ እሱ ነው። የሚችለውን ሁሉ አውጥቶ የሚዘፍን ሰው ነው የምትሰሙት። ማዕበሉ፣ የፈረሱ ኮቴ፣ ከኋላ የሚያዜመው ብዙ ድምፅ፣ ሁሉም ቀስ ብሎ ይመጣል። ኩዎርቶን በ2004 በ38 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። የዛሬዎቹ ባንዶች የሚሞሉትን ዓይነት መድረክ ሳያይ ነው የሄደው።

በስልክ ስፒከር አትስሙት፤ ዝቅ ያለው ድምፅ ይጠፋል። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ያዙ። ሰዓት ከሌላችሁ ረጅሙን ዘፈን «ዋን ሮድ ቱ አሳ ቤይ»ን ብቻ ስሙ። አሥር ደቂቃ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በፈረስ ወደ ባሕር ዳሯ መንደር ይመጣል። ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ አዲስ አምላክ ይዞ ደርሷል ሲባል ሰምቶ ነው። እንግዳው ሕዝቡን ያጠምቃል፣ ግብር ይጥላል። እንደ እሳት ቀይ ጺም ያለው አንድ ሰው መዶሻውን ይዞ «ቤትህን ራስህ ሥራ» ይላል፤ ይገደላል። ግብር ያልከፈለ ይገረፋል። ከዚያ መንደሩ ሁሉ ለመስቀሉ አምላክ ቤት ሲሠራ ይውላል። በሁለት መቶኛው ቀን ነጩ ቤት ቆመ። ሁለት የዘንዶ መርከብ ውስጡ ይገባል፤ ያን ያህል ትልቅ ነው።

እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ በደወል ድምፅ ነው ያደግኩት። ይህን ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ ወንጌል ሲደርስ ከሌላው ወገን ሆኜ አይቼ እንደማላውቅ ገባኝ። ዘፈኑ ማንንም አይሳደብም። የሕዝቡን ድካም፣ የእጃቸውን ላብ ነው የሚነግራችሁ።

መጨረሻው ላይ ሰው ሁሉ ቤቱን እያየ ሲደነቅ፣ ከሕዝቡ ክብ ውጪ አንድ ሽማግሌ ቆሟል። ፀሐዩን በእጁ ከልሎ ወደ ውኃው ያያል። መርከቦቹ ሸራቸውን ዘርግተው ሲነሱ የሚያይ ይመስለዋል።